የሄደውና የቆየው፦ የዲሰንደንትስ የሙዚቃ ጓድ ታሪክ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል የአገር ሰው። ብሂሉ ለገበሬው፣ ለነጋዴውና ለሸማኔው ብቻ የተነገረ አይደለም። ከማንም ይልቅ የሚያስጨንቀው የኪነትን ሰው ነው። ቀን የጠመኔ ብናኝ ሲቅም ውሎ ማታ ስንኝ የሚቋጥረው መምህር፣ ከጽሕፈት ቤት ወንበሩ ተነሥቶ ወደ ቲያትር ልምምድ የሚሮጠው ሠራተኛ፣ ትምህርቴን ልቀጥል ወይስ ሥዕሌን ልሣል እያለ የሚዋልለው ተማሪ፣ ሁሉም ይህን ብሂል በየጊዜው ከሌላ ሰው አፍ ይሰማዋል። ከሌላ ሰው አፍ ባይሰማው እንኳ ከገዛ ልቡናው ይሰማዋል። አንዱን ምረጥ ይባላል፤ አንዱ ሲመረጥም ሌላው ይሞታል ተብሎ ይታመናል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ቃሉን የሰጠ አንድ ያልተጠበቀ ምስክር አለ። የመጣውም ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን በጩኸቱና በፍጥነቱ ከሚታወቅ የወጣቶች ሙዚቃ ነው። ምስክሩ ዲሰንደንትስ የተባለው የካሊፎርኒያ የሙዚቃ ጓድ ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ተወላጆች» ወይም «የልጅ ልጆች» ማለት ነው። የጓዱ አባላት ስለ ኪነትና ስለ ኑሮ የቀመሩት ትምህርት የለም። ነገር ግን አራት ሆነው ተነሥተው ለአንዱ ጥያቄ አራት ዐይነት መልስ ሰጡ፤ መልሳቸውንም በዕድሜያቸው ከፈሉት።

* * *

ታሪኩ የሚጀምረው በ1977 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ማንሃተን ቢች፣ ኸርሞሳ ቢችና ሬዶንዶ ቢች የሚባሉ ትናንሽ ከተሞች ተደርድረዋል። ከሩቅ ለሚያያቸው የባሕር ነፋስ የሚነፍስባቸው የዕረፍት ሥፍራዎች ናቸው። በዚያ ለሚያድግ ልጅ ግን፣ በተለይ መልከ ቀና ላልሆነ፣ ኳስ ለማይችል፣ በትምህርት ቤት ጓደኛ ለማያበዛ ልጅ፣ ፀሐዩም ባሕሩም የሌሎች ንብረት መስለው ይታዩታል።

በዚያን ጊዜ ፓንክ የተባለው ሙዚቃ ከኒው ዮርክና ከለንደን ተነሥቶ ካሊፎርኒያ ደርሶ ነበር። ፓንክ የተነሣው ታላላቆቹ የሮክ ሙዚቀኞች ከአድማጫቸው በራቁበት ሰዓት ነው። ዘፈኑ ረዝሞ፣ የጊታር ጥበቡ ተወሳስቦ፣ የመቅረጫ ስቱዲዮው ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ፓንክ «ሦስት የጊታር ድርድር የሚያውቅ ሁሉ ይዝፈን» አለ። የካሊፎርኒያ ልጆች ይህንኑ ተቀብለው አፋጠኑት፣ አሳጠሩት፣ አከረሩት፤ ስሙም ሃርድኮር ተባለ። የዚህ ስልት ዋነኛ ጓድ የሆነው ብላክ ፍላግ የተወለደው እዚያው ኸርሞሳ ቢች ነው።

ዲሰንደንትስን በ1977 ከጓደኛው ጋር የጀመረው ፍራንክ ናቬታ የተባለ ጊታር ተጫዋች ነው። ቢል ስቲቨንሰን ድራም ይዞ መጣ። በቤዝ ጊታር የመጣው ቶኒ ሎምባርዶ ግን ከወጣቶቹ መሐል የተገኘ ጎልማሳ፣ ዕድሜው የእነርሱ እጥፍ የሆነ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሦስቱ በ1979 የመጀመሪያዋን አነስተኛ ሸክላ አሳተሙ። በ1980 ደግሞ የስቲቨንሰንና የናቬታ የትምህርት ቤት ጓደኛ የሆነ መነጽራም ልጅ ማይክሮፎኑን ያዘ። እርሱም ማይሎ አውከርማን ነው።

አራቱ ሲገናኙ አንድ አዲስ ነገር ተፈጠረ። ድራሙ የሃርድኮር ነው፤ ይጋልባል። ጊታሩም ይቆርጣል እንጂ አያባብልም። ቤዙ ግን እንደ ሌሎቹ ከሥር ሆኖ ምት ብቻ አይቆጥርም። ሎምባርዶ ሮጥ ሮጥ እያለ ራሱን የቻለ ዜማ ያወጣበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፃዊው ይጮኻል እንጂ ዜማውን አይጥልም። በአገርኛ አነጋገር ለመግለጽ ድራሙ ሲፎክር ድምፁ ያንጎራጉራል። ፉከራና እንጉርጉሮ በአንድ ዘፈን፣ ያውም በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ! ኋላ ዜማዊ ሃርድኮር የተባለው ስልት ከምንጮቹ አንዱ ይህ ነው።

አጭርነታቸውም ለጉድ ነበር። በ1981 ባወጡት «ፋት» በተባለው ሸክላ ላይ ያለው አንደኛው ዘፈን በፈጣን ምግብ መሸጫ መስኮት ላይ የሚደረግ የትእዛዝ ምልልስ ሲሆን ዐሥራ ሁለት ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ቀልድ ነው። ግን ቀልዱ ውስጥ አንድ እምነት አለ፤ የሚባለው ነገር ካለቀ ዘፈኑም ይለቅ የሚል እምነት።

* * *

በሰኔ 1982 አራቱ ሬዶንዶ ቢች ወደሚገኝ መቅረጫ ስቱዲዮ ገቡ። ዐሥራ አምስት ዘፈን ቀረጹ፤ ሁሉም ተደምሮ ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ሸክላውን ያሳተመው ሚነትመን በተባለው ሌላ የወደብ ዳር ጓድ አባላት የሚመራ ኒው አላያንስ የሚባል አነስተኛ ድርጅት ነበር።

በዚያው ጊዜ ማይሎ አውከርማን ሥነ ሕይወት ለማጥናት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ወስኖ ነበር። ሌላ ጓድ ቢሆን ይህን ጉዳይ ይደብቀው ነበር። «ድምፃዊያችን ሊሄድ ነው» ተብሎ ሸክላ አይሸጥም። እነዚህ ግን ከመደበቅ ይልቅ የሸክላው ርእስ አደረጉት፤ «ማይሎ ጎዝ ቱ ኮሌጅ» አሉት፤ ማይሎ ኮሌጅ ገባ ማለት ነው። በሽፋኑ ላይ የልጁ የካርቱን ሥዕል ታተመ። ጸጉሩ ያጠረ፣ መነጽሩ ሰፊ፣ ሸሚዙ የተቆለፈ፣ ከረባቱ የታሰረ፣ ፈተና ሊገባ የተሰናዳ ተማሪ ነው። ሌሎች ጓዶች በሽፋናቸው ላይ የራስ ቅል፣ ጠመንጃ፣ ደም ሲሥሉ ዲሰንደንትስ መነጽርና ከረባት ሣሉ። ሥዕሉ የጓዱ ዓርማ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

በዘፈኖቹ ውስጥ ሌላም ድንቅ ነገር አለ። «ሰበርባን ሆም» የተሰኘውና ሎምባርዶ የደረሰው ዘፈን በከተማ ዳር የሚገኝ ተራ መኖሪያ ቤት ይመኛል። የፓንክ አድማጭ ይህን ሲሰማ ሹፈት መሰለው። ደራሲው ግን የምሩን ነበር፤ ሠርቶ የሚገባ ሰው ነውና ጸጥ ያለ ቤት ፈለገ። ጓደኞቹ የወላጆቻቸውን ቤት ሲረግሙ እርሱ ስለ ቤት ናፍቆት መዝፈኑ ከማንኛውም ርግማን ይልቅ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ሸክላው ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ከቃላቱ አንዳንዶቹ በልጅነት ቂም የተመረዙ ናቸው፤ ሴቶችንና ግብረ ሰዶማውያንን የሚሰድቡ ስንኞች አሉበት። የተገፋ ልጅ ሲገፋ የተማረውን ስድብ መልሶ ከእርሱ ይልቅ በተገፉት ላይ ይወረውረዋል። እውነተኛነት ብቻውን ቅንነት እንዳልሆነ ለማስተማር ይህ ሸክላ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ ብዙ አልዘፈኑም። ጎረቤታቸው ብላክ ፍላግ ከፖሊስ ጋር ሲላተም እነርሱ ስለ ምግብ፣ ስለ ፍቅር እንቢታ፣ ስለ ወላጅና ስለ ቡና ይዘፍኑ ነበር። በተለይ ቡና መለያቸው ሆነ። በሌሎች ጓዶች ዘንድ አረቄና ዕፅ የያዙትን ሥፍራ በእነርሱ ዘንድ ቡና ያዘው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የወጣችው ፍሬ እንቅልፍ የምትከለክለው ጸሎተኛንና ተማሪን ብቻ አለመሆኑን የዲሰንደንትስ ድራም ይመሰክራል።

* * *

ከዚህ በኋላ አራቱ በየመንገዳቸው ሄዱ። የብሂሉ ጥያቄ በትክክል የተጠየቀውም ያን ጊዜ ነው።

ፍራንክ ናቬታ የሙዚቃ መሣሪያውን አቃጥሎ ዓሣ አጥማጅ ለመሆን ወደ ኦሬገን ሄደ። የእርሱ መልስ «ከሁለቱ አንዱንም ቢሆን በግማሽ አልይዝም» የሚል ነው።

ቶኒ ሎምባርዶ ሥራውን አልለቅም አለ። ጓዱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለወራት መጫወት ሲጀምር እርሱ የፖስታ ቤት ደመወዙን መረጠ። በዘፈኑ ቤት የተመኘ ሰው ቤቱን ለጉዞ አለመሸጡ ከቃሉ ጋር የሚስማማ ነው።

ማይሎ አውከርማን ኋላ ላይ ሳን ዲዬጎ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ሕይወት አጠና። በ1985 ተመልሶ መጣና «አይ ዶንት ዋንት ቱ ግሮው አፕ» የሚል ሸክላ ወጣ፤ ማደግ አልፈልግም ማለት ነው። ሁለት ሸክላ ተከተለ። በ1987 እንደገና ለከፍተኛ ጥናት ሄደ። በሳን ዲዬጎ የዶክትሬት ዲግሪውን ከያዘ በኋላ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምርምሩን ቀጠለ፤ ከዚያም በዱፖንት ኩባንያ የዕፀዋት ተመራማሪ ሆነ።

የአራተኛው መልስ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ቢል ስቲቨንሰን ቀረ። በመጀመሪያው መለያየት ጊዜ ወደ ብላክ ፍላግ ገብቶ እስከ 1985 ድራም መታ። በሁለተኛው መለያየት ጊዜ ግን ጓዱን አላፈረሰም። ካርል አልቫሬዝ በቤዝ፣ ስቲቨን ኤገርተን በጊታር ከሶልት ሌክ ሲቲ መጥተው ተቀላቅለውት ነበርና ሦስቱ ሌላ ድምፃዊ ፈልገው በሌላ ስም መጫወት ቀጠሉ። ስሙም «ኦል» ነው፤ ሁሉ፣ ሙሉ ማለት ነው። ዲሰንደንትስ የሚለውን ስም ለሄደው ጓደኛቸው አቆዩለት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ያንኑ የታወቀ ስም ይዘው፣ ሌላ ድምፃዊ አቁመው ቢዞሩ የሚከለክላቸው አልነበረም። ስምን ትቶ ከባዶ መጀመር የእንጀራ ገመድን በገዛ እጅ ማላላት ነው። ኦል ከ1988 ጀምሮ በርካታ ሸክላዎች አወጣ፤ ሦስት ድምፃውያን ተፈራረቁበት፤ ጓዱ ለዓመታት ሚዙሪ ውስጥ ብሩክፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ኖሮ በ1994 ወደ ፎርት ኮሊንስ፣ ኮሎራዶ ተሻገረ። እነዚያው እጆች፣ ያው ድራም፣ ያው ጥረት ነበር። የአሮጌውን ስም ያህል ግን አድማጭ አላገኘም። ሄዶ የተመለሰው ሰው ዝነኛ ሲሆን ያልሄደው ሰው አልታወቀለትም። የጓዱን ታሪክ የሚተርኩ አብዛኞቹ ስለ ምሁሩ ድምፃዊ ይተርካሉ፤ ተረቱ ደስ ይላልና። የምሁሩ ወንበር ባዶውን የቆየው ግን ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ሲችል ስላልተቀመጠ ነው።

* * *

በ1994 ከካሊፎርኒያ የመጡ ሁለት ወጣት ጓዶች፣ ግሪን ዴይና ዘ ኦፍስፕሪንግ፣ ፈጣን ድራምና የሚዘመር ዜማ ባጣመሩ ሸክላዎቻቸው እያንዳንዳቸው ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጡ። ያ ጥምረት ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በሬዶንዶ ቢች የተቀረጸው ነው። ኋላም ብሊንክ 182 የተባለው የሳን ዲዬጎ አካባቢ ጓድ ያንኑ ስልት ይዞ ስታዲየም ሞላ፤ አባሉ ማርክ ሆፐስም ከዲሰንደንትስ የቀዳውን አልካደም። ዘሪው አንድ፣ አጫጁ ሌላ ሆነ።

ስቲቨንሰንና ጓደኞቹ ግን በዚያው ዓመት የሠሩት ሥራ ከሽያጩ ይልቅ የሚያስተምር ነው። ፎርት ኮሊንስ ውስጥ ብላስቲንግ ሩም የተባለ መቅረጫ ስቱዲዮ ከፈቱ። መጀመሪያ ለራሳቸው ነበር፤ ቀስ በቀስ የሌሎች ቤት ሆነ። ራይዝ አጌንስት የተባለው የቺካጎ ጓድ ዋና ዋና ሸክላዎቹን እዚያ ቀረጸ፤ ኖኤፍኤክስም መጣ። የስልቱ ወራሾች ድራማቸው እንዴት መሰማት እንዳለበት፣ ጊታሩ የት ላይ ድምፁን እንደሚለቅ የተማሩት ከዚህ ክፍል ነው። አንድ ጓድ በሌሎች ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ብዙ ጊዜ እንደ ነፋስ ተደርጎ ይነገራል፤ ከየት እንደመጣ አይታወቅም ይባላል። የዚህኛው ግን አድራሻ አለው፤ በር አለው፤ ጧት መጥቶ የሚከፍተው ሰው አለው።

ስልቱ ሲስፋፋ የደረሰበትን ጉዳትም መካድ አይቻልም። ፍጥነትና ዜማ ሲጣመሩ በቀላሉ ቀመር ይሆናሉ። ከወራሾቹ ብዙዎቹ የልጁን መነጽር ወስደው ትምህርቱን ተዉት፤ ማደግ አልፈልግም የሚለውን ጩኸት ወስደው ከበስተጀርባው ያለውን ፍርሃት ተዉት። ዲሰንደንትስ በዚያ ርእስ የዘፈኑት ማደግ አይቀርም ብለው ስለፈሩ ነው። ኩረጃው ግን ማደግን እንደ ውርደት ቆጠረው።

* * *

በ1996 አውከርማን ተመለሰ፤ «ኤቭሪቲንግ ሳክስ» የተባለው ሸክላ ወጣ። የተጫወቱት ያው የኦል ሦስት ሰዎች ናቸው። በዚያው ጊዜ ግን ወደ ቤተ ሙከራው የሚወስደው መንገድ አልተዘጋም ነበር። በ2003 ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ስለ አንድ ጥቃቅን የዘር መልእክት ሞለኪውል ያደረገውን ጥናት በታወቀ የዕፀዋት ሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተመ። ሞለኪውሉ ተክል የሚያብብበትን ጊዜ ከሚወስኑት አንዱ ነው። ከቅጠል ወደ አበባ፣ ከልጅነት ወደ ፍሬ የሚደረገው ሽግግር መቼ ይሁን የሚለውን ጥያቄ ነበር ያጠናው። ማደግ አልፈልግም ብሎ የዘፈነ ሰው በመነጽሩ ውስጥ ሆኖ ማደግ እንዴት እንደሚሆን ሲመረምር መገኘቱን ደራሲ ቢፈጥረው «አበዛኸው» ይባል ነበር። በዓመቱ፣ በ2004፣ ሌላ ሸክላ ታተመ።

በ2010 የቆየው ሰው ራሱ ሊሄድ ደረሰ። ስቲቨንሰን በአንጎሉ ላይ የበቀለ ትልቅ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዳነም። በዚያው ዓመት ጓዱ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። በ2013 የወጣው «ፊልሜጅ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ታሪኩን በስቲቨንሰን ዙሪያ ማዋቀሩ ተገቢ ነው።

በ2016 አውከርማን ከዱፖንት ሥራው ሲቀነስ ሙሉ ጊዜውን ለሙዚቃ ሰጠ። የዚያ ዓመት ሸክላ ስሙን ያገኘው ከካፌይን ነው። በ1981 ምግብን ሲያወድሱ የነበሩት ልጆች በዚህኛው ሸክላ ሐኪም ስብ ስለከለከለው ሰው ዘፈኑ። ቀልዱ አልተለወጠም፤ የሚቀለድበት ገላ ግን አርጅቷል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ከሁሉ ይልቃል። በ2002 ናቬታ፣ ሎምባርዶና ስቲቨንሰን ተገናኝተው ከ1977 እስከ 1980 የደረሷቸውን፣ አብዛኞቹ በወጉ ያልታተሙትን የልጅነት ዘፈኖች ቀርጸው ነበር። ቅጂው ድምፃዊ ሳይገባበት ለዓመታት ተቀመጠ። ናቬታ በ2008 ሞተ። በ2020 ወረርሽኙ ሁሉን በየቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ አውከርማን ድምፁን ጨመረበት፤ ሸክላውም በ2021 ወጣ። ስሙ ጓዱ መጀመሪያ ይለማመድበት የነበረው የሎንግ ቢች ጎዳናዎች መገናኛ ነው፤ «ናይንዝ ኤንድ ዎልነት»።

በዚህ ሸክላ ላይ የሞተ ሰው ጊታር ይሰማል። የፖስታ ቤቱ ሰው ቤዝ ይሮጣል። ድራሙ እንደ ወትሮው ይፎክራል። በመጨረሻ የገባው የተመራማሪው ድምፅ ነው፤ ድሮም በ1980 በመጨረሻ የመጣው እርሱ ነበርና። የሚዘፍናቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ እርሱ ወደዚያ ቤት ከመምጣቱ በፊት የተደረሱ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ጓደኞቹ በዐሥራዎቹ ዕድሜ የጻፉትን ንዴት ሳያላግጥበት፣ ሳያለዝበው ይዘምራል።

ብሂሉ እንግዲህ ተሽሯል ማለት አይደለም። ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ ላይ የወጣው ሰው ሳይወድቅ የቀረው እግሩ ከሌላው ሰው እግር ስለሚበልጥ አይደለም። እርሱ ወደ አንዱ ዛፍ ሲሻገር ከሌላው ሥር ቆሞ ግንዱን የያዘለት ሰው ስለነበረ ነው። በየትምህርት ቤቱ፣ በየቲያትር ቤቱና በየማኅበሩ ወደ ትምህርት የሚሄድ ወጣት በተገኘ ቁጥር «ከሃዲ» ከማለት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ሲመለስ በሩን የሚከፍትለት ማን ይቆያል?